ያልወለቀው ማተብ

ሕጉ ከወጣ ወዲህ ልጅ የማን እንደሆነ የሚመሰክረው ቆዳ ነው። አብረው የሚኖሩ ሰዎች ቆዳ ላይ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ይሰፍራል፤ መሣሪያው ዘረመሉን አመሳክሮ ይፈርዳል። ከምርመራው በፊት ሦስት ቀን ገላ መታጠብ ክልክል ነው።

ይርገዱ ይህን ታውቃለች። ቢሆንም የሟች እህቷን ልጅ ከነእድፏ መንግሥት ቢሮ ይዞ መግባት አሳፈራትና፣ ጠዋት ምንታምርን በሳሙና ፈትጋ አጠበቻት።

«ምንም የለም» አለች መርማሪዋ። «እንደ ሰሃን ነው የጸዳችው።»

«እንግዲህ ካልተመሳሰለ ለአባት ወገን ነው» አለ የልጅቷ አጎት፣ የአባቷ ወንድም። ለሁለት ሰው የአውቶቡስ ትኬት ቆርጦ ነው የመጣው።

መርማሪዋ የምንታምርን አንገት አየች። «ማተቧን አውልቀው ነው ያጠቧት?»

«ማተብ ይወልቃል እንዴ?»

«እንግዲያው ባክቴሪያው ቋጠሮው ውስጥ አይጠፋም። ግን ተቆርጦ መግባት አለበት።» መቀስ አነሳች።

ይርገዱ ልትፈታው እጇን ዘረጋች።

«አይንኩ። ከነኩት ይሰረዛል።»

«እናቷ ያሰረችላት ነው እኮ።»

«አውቃለሁ እትዬ። እኔም አስሬያለሁ።»

አጎትየው ሰዓቱን አየ። ምንታምር የይርገዱን ቀሚስ ጨብጣለች።

«ቁረጪው» አለች ይርገዱ።

መሣሪያው ብዙ ቆይቶ አረንጓዴ በራ። አጎትየው ትኬቶቹን ኪሱ ከቶ ወጣ።

«ክሩስ?»

«መዝገብ ቤት ይቀመጣል።»

ምንታምር ባዶ አንገቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «እትዬ፣ ቤት እስክንገባ ሰው አይየኝ።»

ይርገዱ ነጠላዋን አውልቃ እስከ አገጯ ጠመጠመችላት።