«ሙከራ» ያለው ማን ነው?

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ የዓይን ሆስፒታሉን የቀጠሮ ፕሮግራም የምትሠራው ሚጣ የመልእክት መላኪያውን ከተጫነች ገና አምስት ደቂቃ አልሞላትም፣ የእንግዳ መቀበያዋ እትዬ በሩን በርግደው ገቡ።

«አንቺ ልጅ፣ ስልኬ ሊፈነዳ ነው! የዓይን በሽተኛው ሁሉ ‹ቀጠሮዬ ለምን ተሰረዘ?› ይለኛል። ማነው የሰረዘው?»

ሚጣ ስክሪኑን አየች። «ሁለት መቶ አስራ ሁለት መልእክት ተልኳል» ይላል። የነገ ቀዶ ጥገና ተራ የደረሳቸው ሰዎች ናቸው። የሐኪሞቹ ቡድን ደግሞ የሚመጣው በዓመት አንዴ፣ ለአንድ ቀን ነው። ነገ የቀረ፣ ለከርሞ።

«እኔ እኮ አዲሱን የመሰረዣ መልእክት ልሞክር ብዬ... የሙከራው ሰርቨር ላይ ነኝ፣ የእውነቱ ላይ አይደለሁም። ለማንም አይደርስም።»

አለቃዋ ጋሼ ወንበራቸውን እየጎተቱ አጠገቧ መጡ። «ሙከራ ላይ መሆንሽን በምን አወቅሽ?»

«ጠየቅኩታ! ፕሮግራሙ ‹የት ነኝ?› ብሎ የሰርቨሩ ሴቲንግ ላይ ፈለገና ‹ሙከራ› አለኝ።»

ጋሼ ሴቲንጉን ከፈቱ። ከላይ እስከ ታች አዩት። ደግሞ ከታች እስከ ላይ። ሙከራ ይሁን የእውነት የሚናገር ነገር የለም። ማንም ጽፎት አያውቅም። ከዛ ኮዱን ከፍተው አንዲት መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። መልስ ካልተገኘ «ሙከራ» በል ትላለች።

«ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ፣ ለቀሪው ልጅ ጓደኛው ‹አቤት› ይልለት የለ? እንደዛ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሰርቨሩ አልመለሰልሽም። ይቺን መስመር የጻፍኳት እኔ ነኝ። ሰው እንዳይሳሳት ብዬ።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ጥርስ ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ድድ ሁለመናዋ ደንዝዟል። እንባ የለ፣ ድንጋጤ የለ። እጇ የሰው እጅ ይመስል ኪቦርዱ ላይ ተጋድሟል።

«‹አልተሰረዘም› ብለን ደግመን እንላክ?»

«ውይ ልጄ» አሉ እትዬ፣ «ዓይኑ የማያይ ሰው መልእክት ያነባል? ያነበበለትም ልጅ ይሄኔ ሥራው ሄዷል። ደግሞስ አንዴ የዋሸ ስልክ ማን ያምነዋል? በድምፅ ነው እንጂ።»

ጋሼ ኮዱን ሊያስተካክሉ፣ እትዬ የሚጮኸውን ስልክ ሊያነሱ ሄዱ። የመዝገብ ቤቷ ጓደኛዋ የስም ዝርዝሩን አትማ አመጣችላት፣ ስድስት ገጽ፣ ሌላውን ቅጂ ይዛ ተመልሳ ወጣች።

ሚጣ ደወለች።

«እማማ፣ ቀጠሮዎ አለ። ነገ ይምጡ።»

«ቅድም የለም ያላችሁኝ እናንተ አይደላችሁ እንዴ?»

«እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ይምጡ።»

ድምፅዋ የተቀዳ ድምፅ ይመስላል። አንድ። ሁለት። ሰባተኛው ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋባት፣ እሱም አልተሰማትም። ለመዝገብ ቤቷ ጓደኛዋ ጻፈች፦ «ሰው አሳወርኩ። ምንም ግን አይሰማኝም።»

መልሱ ወዲያው መጣ። ቃል በቃል ይኸውልሽ፦

«አታካብጂ ባክሽ። እኔ ከመጨረሻው ገጽ ጀምሬያለሁ፣ መሃል ላይ እንገናኛለን።»