ሸካራውና ለስላሳው ጣውላ

ልጇ ዛሬ ነገ እያለ ሳያስጠግነው በቀረው የግቢ ወለል ላይ አዳልጧት ከወደቀች ወዲህ፣ እናት ከአልጋዋ ወርዳ አታውቅም። ልጅ አሁን ቸኩሏል፤ ከእንጨት ዱቄትና ከፕላስቲክ የተሠሩ ሁለት የናሙና ጣውላዎች አምጥቶ፣ ለስላሳውንና ሸካራውን በመስኮቷ ሥር ዘርግቶ፣ የሚያዳልጠውን ለመለየት ወለሉን የሚሠራው አናጺ እንደ መከረው ውኃ አፈሰሰባቸው።

«እማዬ፣ የትኛው ይሻልሻል?»

«ሸካራው! ለስላሳውማ ትናንት ሊሰብረኝ ነበር» አለችው ከውስጥ።

«አይ እማዬ፣ ቀልድሽ! ዛሬ ጠዋት እኮ ነው ያመጣሁት።»

ሣቀ፤ ልቡ ግን አልረጋም። ዞር ብሎ ቢያይ፣ ማንም ባልቆመበት በእርጥቡ ሸካራ ጣውላ ላይ የባዶ እግር ዱካ ታተመ፤ ቀጥሎም ሁለተኛው።

«አየህ ልጄ?» አለችው እናቱ፣ እዚያው አልጋዋ ላይ ሆና፤ «ይኸኛው አያዳልጥም።»