እኔን የዘለለ ወረቀት

የፊርማው ወረቀት ዛሬም ዘለለኝ። ከበሩ ጀምሮ በየወንበሩ ይዞራል። ከቡራዩ የመጣው ይፈርማል፣ ከሱሉልታ የመጣችው ትፈርማለች፣ ከተጂ የመጣው እንቅልፋም ሳይቀር ዓይኑን ገልጦ ይፈርማል፤ እኔ ጋ ሲደርስ በአናቴ ላይ ያልፋል። ይህን የሰበታ ትምህርት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የጠረግኩት እኔ ጠጅቱ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ጥጉ ላይ ቆሜ ከነሱ እኩል ስሰማ የዋልኩት እኔ፣ ለነሱ ከመጥረጊያዬ አልለይም።

ሥልጠናው የሳይንስ አስተማሪዎች ነው። «ተማሪው በዓይኑ እያየ ይማር» ይላል ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ፣ አቶ እውነቱ። የሚታይ ዕቃ ግን የለም። ብርጭቆውንና ቱቦውን የጫነችው መኪና ዓለም ገና ከተማ ላይ ተመልሳለች፤ የአገሩ ልጆች መንገዱን በድንጋይ ዘግተውታል። የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ነው። ጩኸታቸው በመስኮቱ ይገባል።

እና አቶ እውነቱ ዘዴ ፈጥሯል። ማንቆርቆሪያ ጥዶ፣ አፉ ላይ የላስቲክ ቱቦ ሰክቶ፣ ቀለም ከተበጠበጠበት ውሃ ንጹሑን ለይቼ አወጣለሁ ይላል። ማንቆርቆሪያው ይንተከተካል፣ ላስቲኩ ይልፈሰፈሳል፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ሠላሳ አስተማሪ አንገቱን አስግጎ ባዶ ብርጭቆ ያያል።

«የማንቆርቆሪያው ትንፋሽ በአንገቱ እያመለጠ ነው» እላለሁ።

«አንቺ፣ ያን ባልዲ አንሺልኝ» ይለኛል፣ ዞር ሳይል።

ትንሽ ቆይቶ እጁን ያራግፋል። «በቃ። ይህ ሳይታይ ሥልጠናው አለቀ አልልም፤ ምስክር ወረቀትም የለም። መንገዱ ሲከፈት እንጠራችኋለን።»

ሲከፈት! ማን ነው የሚከፈትበትን ቀን የነገረው?

ጣቢታ ደብተሯን ታጥፋለች። ጣቢታ የኛዋ የኬሚስትሪ አስተማሪ ናት፣ የወላይታ ልጅ። «ስድስት ዓመት በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስዬ ነው ያስተማርኩት» ትላለች፣ ለማንም አይደለም፣ ለደብተሯ። «አንድ ቀን እንኳ ራሴ ጠብ ሲል አላየሁም።»

እጇን አፈፍ አደርጋለሁ። «ነዪ፣ ተሸከሚ።»

«ምኑን፣ እማማ?»

«የአረቄ ማውጫዬን ነዋ!»

«እማማ፣ እኔ እኮ ጴንጤ ነኝ።»

«ተሸከሚ ነው ያልኩሽ፤ ማን ጠጪ አለሽ?»

ቤቴ ከአጥሩ ሥር ነው። ጠዋት የጣድኩትን ድፍድፍ ከነማሰሮው፣ ረጅሙን መቃዬንና የመዳብ ዕቃዬን ይዘን ስንመለስ፣ ርዕሰ መምህሩ ኦቦ ሂርጳ በሩ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ይቆማሉ።

«ማሎ፣ እባክዎ፣ አዴ ጠጅቱ! ጭስ ካዩ መንገዱ ላይ ያሉት ወታደሮች ግቢ ይገባሉ፤ አረቄ ካዩ ደግሞ የበላዮቼ ያባርሩኛል!»

«ከሰል ነው፣ አይጨስም። የበላዮችህ ማን ቤት እንደሚጠጡ ደግሞ አታናግረኝ።»

እጃቸው ይወርዳል። ማሰሮውን ከሰሉ ላይ አስቀምጣለሁ፣ መቃውን አፉ ላይ ሰክቼ ሌላውን ጫፍ መዳቡ ውስጥ እከታለሁ፣ መዳቡን ቀዝቃዛ ውሃ በሞላበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ እበትና አመድ የተደባለቀበትን ጣሳ ወደ አቶ እውነቱ እገፋለሁ፤ ነጭ ጋውን ለብሷል።

«እሸው።»

እኔን ያያል። ባዶውን ብርጭቆ ያያል። እጅጌውን ይሰበስባል።

የማሰሮውን አንገት ሲለስን አንድ ቦታ ይስታል፤ እጁን ቸብ አድርጌ አውራ ጣቴን እበቱ ላይ ጫን አደርጋለሁ። «እዚህ! የመርፌ ቀዳዳ ብትተው ዓመት ብታነድ ምንም አታገኝም።» አስተማሪዎቹ ይስቃሉ። እሱም ይስቃል፣ ይለስናል።

መቃውን በመዳፌ እዳስሳለሁ። ከማሰሮው ወዲህ ይሞቃል፣ መሃሉ ይሞቃል፣ ወደ መዳቡ ይሄዳል። «ዝም በሉ» እላለሁ። ሠላሳ የተማረ ሰው ዝም ይላል። ውጪ ልጆቹ ይጮኻሉ።

ጠብ።

ከመዳቡ ሆድ ውስጥ ነው። ጠብ። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ።

«ሃሌ ሉያ!» ጣቢታ ናት። ለአረቄ! ከተጂ የመጣው እንቅልፋም ጠረጴዛ ላይ ወጥቷል።

«ውሃው ሞቀ፣ ቀይሩ!» እጮኻለሁ። ባልዲውን ማን እንዳነሳ እዩልኝ፤ አቶ እውነቱ ነው፣ እየሮጠ።

«ለምን ይቀየራል?» ትላለች ጣቢታ፣ እየጻፈች።

«ሳፋው ከሞቀ ትንፋሹ ፈሳሽ መሆን እምቢ ይላላ።»

«ኮንደንሴሽን!» ይላል እሱ፣ ባልዲውን እያፈሰሰ።

«እናንተ ስሙ አላችሁ፣ እኔ አረቄው አለኝ።»

ከመዳቡ ትንሽ ሳህን ላይ ጠብ አደርግና ክብሪት እጭራለሁ። ሰማያዊ ነበልባል ቀጥ ብሎ ይቆማል።

«እማማ፣ ይህን ከየት ተማሩት?» አያችሁልኝ፣ ቅድም «አንቺ» ሲለኝ የነበረውን የአቶ እውነቱን አፍ።

ክንዴ ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ አሳየዋለሁ። «ከዚህ።»

ቦርሳውን ይከፍታል። ያ የፊርማ ወረቀት ይወጣል፤ ምስክር ወረቀት የሚሰጠው በእሱ ነው። ወደ መጀመሪያው ወንበር ሊሰጥ ሲል መሃል ላይ እጄን አሳርፍበታለሁ።

«ስሜን ጻፍ። ከተማሩት ጋር አይደለም፣ ካስተማሩት ጋር፤ ካንተ ሥር።»

«አዴ፣ መፈረምስ?» ይላሉ ኦቦ ሂርጳ፣ ሊስቁ እየቃጣቸው።

እጄን አነሳለሁ። እበቱ የአውራ ጣቴን አሻራ ጥሩ አድርጎ ትቶታል።

«ፈረምኩ።»

ማንም አይስቅም። አቶ እውነቱ ይጽፋል፦ ጠጅቱ። ይጽፋል፦ ሰበታ። ከዚያ እስክሪብቶው ቆም ይላል። «የትምህርት ደረጃ» ይላል ቀስ ብሎ፣ ቀና ብሎም ያየኛል። ሳህኑ ላይ ነበልባሉ ገና አልጠፋም።

«ባዶ እንዳትተወው» እለዋለሁ። «ያየኸውን ጻፍ።»