የጋሽ ደግፌ ፔጆ

ጋሽ ደግፌ ላይ የጮህኩት ሰባት ሰው ፊት ነው።

አሮጌ ፔጆአቸው ላይ የቶዮታ ሞተር የገጠምኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ውሃ ታፈላ ጀመር። መጀመሪያ ሲመጡ የሙቀት ሴንሰሩን፣ ሁለተኛ ሲመጡ ቴርሞስታቱን ቀየርኩላቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ ጋራዡ በደንበኛ ተሞልቶ ነበር። ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ "ሞተሩ ምንም የለውም። እርስዎ ነዎት እያበረሩ የሚያቃጥሉት" አልኳቸው።

የፍጥነት ጌጁ እንኳ አይሠራም ነበር። በምን አውቄ ነው?

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። "ልክ ነህ ልጄ፣ አፍጥኜ ይሆናል። ዛሬም የመጣሁት ፍጥነቴን እንዳውቅ ጌጁን እንድትሠራልኝ ነው።"

ሞተሩን አስነስቼ ግማሽ ሰዓት አቆየሁት። የሙቀቱ ቀስት ከመሀል ንቅንቅ አላለም።

"አያችሁ?" አልኩ ለሰዉ። "ችግሩ አነዳዳቸው ነው።"

የፍጥነት ሴንሰሩ ፊውዝ ተቃጥሎ ኖሯል። ትርፍ ፊውዝ ፍለጋ የዳሽቦርዱን መሳቢያ ከፈትኩ። ውስጡ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በአራት የታጠፈ ሰማያዊ ጨርቅ አለ። ገለጥኩት። ባለቤቴ ክርኑን በቀይ ክር የጣፈችው የአሮጌ ቱታዬ እጅጌ ነው። ሞተሩን ስቀይር ቆሻሻ እንዳይገባ ብዬ የራዲያተሩን የውሃ ጎማ አፍ ወትፌበት ነበር። መልሼ አላወጣሁትም።

ቀና ስል ጋሽ ደግፌ ከደንበኞቼ ጋር በሩ ላይ ቆመዋል።

"ሞተር የምታስቀይሩ ከሆነ ከእሱ አትለፉ" ይሏቸዋል። "እጁ የተባረከ ነው።"