የእመት ዘርፌ ዓይን

ሠዓሊው መጋረጃውን ሲገልጠው እመት ዘርፌ ግራ ዓይናቸውን እንደ ልማዳቸው በነጠላቸው ጫፍ ከልለው ቀና አሉ። ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ፣ ሰይጣኑን ረግጦ ከመቅደሱ ግድግዳ ላይ ቆሟል። ሰይጣኑ እንደ ሥርዓቱ በጎኑ ተሥሏልና የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነበር። ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ርኩስ በአንድ ዓይን እንደሚሣል በጋይንት የማያውቅ አልነበረም። ሥዕሉን ያሠሩት እሳቸው ስለሆኑ፣ ከመልአኩ እግር ሥር ተደፍተው መሣል ነበረባቸው። ፈንጣጣ ላጠፋው ዓይናቸው ግን ሠዓሊው ምን እንደሚያደርግ ሲያስቡ ክረምቱን በስጋት ነበር የከረሙት።

ጎንበስ ብለው የራሳቸውን መልክ ፈለጉ። ከሰይጣኑ ቀንድ አጠገብ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ቁልጭ ብለው አዩዋቸው።

«ልጄ፣ በቤተ መቅደስ ይዋሻል?» አሉ።

«ሚካኤል በሚያይዎ መልክ ነው የሣልኩዎ፣ እመት» አለ ሠዓሊው።

እሳቸውም ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ደግመው ቃኙት። ከዚያ ሁሉ ፍጡር መሐል አንድ ዓይና ሆኖ የቀረው ሰይጣኑ ብቻ ነበር። እመት ዘርፌ ነጠላቸውን ቀስ ብለው ከፊታቸው አወረዱ።