ሃያ ሰባት ቁጥር

«እማዬ፣ መኪናዋን ከግንቡ ጋር ያላተምኳት እኔው ራሴ ነኝ?»

ይህን የሚጠይቀኝ ልጄ ሎኒ ነው። እግሩ በጀሶ ታስሮ ሶፋው ላይ ተጋድሟል፤ በመኪና እሽቅድምድሙ ላይ የደረሰበትን አደጋ አያስታውሰውም። እኔ ደግሞ ልጄ ሲሽቀዳደም ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምቀመጠው። አጎቱ ኮይ፣ «መታጠፊያው ላይ አጉል ፈጥነህ ገባህ» አለው። ባሌ ሃርላንም ከውድድሩ ሜዳ ዳር ሆኖ ያንኑ ማየቱን ነገረን። ልጄ ከዚያ ወዲህ መሪ አልይዝም ብሎ ምሏል።

ሁለቱን የውድድር መኪናዎች ሃርላንና ወንድሙ ኮይ እዚሁ ጓሯችን ነው የሠሯቸው። አሥራ አራት ቁጥርን ሎኒ ይነዳል፣ ሃያ ሰባትን ኮይ።

ያኔ በካሮላይና ቴሌቪዥን ውድድሩን በዕለቱ አያሳይም። ቀርጸው ይወስዱና ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ከበረዶ ሸርተቴ ዝላይ ቀጥሎ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ቆራርጠው ያቀርቡታል። ቅዳሜ ከሰዓት ያንን ልናይ ተቀምጠናል። ኮይ የሠራሁትን የሙዝ ጣፋጭ፣ ፑዲንጉን፣ ሁለተኛ ሳህን ይዟል።

«ይሄ ሰውዬ እናት የለውም እንዴ?» አለ፣ ከተራራ የሚዘለውን እያየ።

«ዝም ብለህ ብላ» አልኩት።

ዝላዩ አልቆ መኪናዎቹ መጡ። አሥራ አራት ቁጥር ወደ መታጠፊያው ሲቀርብ ሃርላን ብድግ አለ። «ምስሉ ተንቀጠቀጠ» ብሎ አንቴናውን ይዞ ቴሌቪዥኑ ፊት ተገተረ።

ምስሉ አልተንቀጠቀጠም። እኔ የወጥ ቤቱ በር ላይ ነበርኩ፤ በክንዱ ሥር ይታየኛል። ሃያ ሰባት ቁጥር ከኋላ ተጠግቶ የልጄን መኪና መታው። ትንሽ ቀረት አለና ደገመው። ሎኒ ወደ ግንቡ ዞረ።

«ሃያ ሰባት ቁጥር መታው» አልኩ። «ሁለቴ መታው።»

«ኧረ ኦቬላ!» ሳቀ ኮይ። «ስምሽን መጻፍ ሳትችይ ቁጥር ለየሁ ትያለሽ?»

«ፊደል ነው የማላውቀው። ቁጥር አውቃለሁ።»

የቴሌቪዥኑ አቅራቢ፣ አሁን በዝግታ ደግመን እንመልከተው አለ።

«አባዬ፣ ዞር በል» አለ ሎኒ።

ሃርላን ንቅንቅ አላለም።

«ሃርላን፣ ለልጅህ ዞር በልለት!» አልኩት።

«ወንድሜ ነው» አለ፣ ጀርባውን እንደሰጠን።

የኮይ ማንኪያ ሳህኑ ላይ ቆመ። ሎኒ ምርኩዙን አንስቶ ግድግዳውን ተደግፎ ወጣ። እኔም ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ተከተልኩት። ሃርላን አንቴናውን እንደያዘ ከወንድሙ ጋር ቀረ።