ሦስተኛው ክር

«ይሄን ይውሰዱት» አለች ልጅቱ፣ ሦስተኛውን የባሕር ዕንቁ ክር በአንድ ጣቷ ወደ ነጋዴው እየገፋች።

ማዶ ተቀምጣ ዕንቁ ከምትሰካው እናቷ እጅ መርፌው ወደቀ። አበቃልን፣ አለች በሆዷ። ጠዋት ነጋዴው ክሮቹን ሲዘረጋ ልጇን ወደ ጥግ ወስዳ «ሦስተኛውን እንዳትለቂው፣ ከሁሉ የሚያበራው እሱ ነው» ብላት ነበር። ልጅቱ ይኸው እሱኑ መለሰችው። ያውም በመጀመሪያው የዕንቁ መራጭነት ቀኗ! ከጎኗ የተቀመጠው አሠሪው ደግሞ «ዛሬ ከተሳሳተች ሁለተኛ እዚህ ወንበር ላይ አትቀመጥም» ብሏል፤ እሱ ያለውን አይረሳም።

ነጋዴው ሳቀ። እሱ በሌለበት ሠራተኛው ሁሉ «ምላሰ ቅቤ» የሚለው ሰው ነው።

«የኔ እመቤት፣ ይሄ እኮ እንደ መስታወት ፊትሽን ያሳይሻል! እዚህ ቤት ቁንጅና ወንጀል ሆነ እንዴ?»

«ፊቴን እቤት አይቼው ነው የመጣሁት» አለች ልጅቱ።

እናት አላስቻላትም። «ኧረ ልጄ፣ እስቲ በጥርስሽ ሞክሪው! ሻከር ካለሽ ደህና ነው።»

«እማዬ፣ ጥርስ የሚለየው ዕንቁን ከፕላስቲክ ነው። ይሄ ዕንቁነቱን ማን ካደ? ዛጎሉ ያለበሰው ልብስ ሳስቶ ነው እንጂ።»

«በምን አወቅሽ?» አለ አሠሪው፣ ክሩን ወደ ጠረጴዛው መብራት አስጠግቶ። ከመብራቱ ሥር ዕንቁው ቦግ አለ። እናት ዓይኗን ጨፈነች።

«እዚያ አይደለም ጋሼ። መብራት ለሁሉም ያደላል።»

ልጅቱ ክሩን ተቀበለችውና መስኮቱ ሥር ነጭ ጨርቅ ላይ አጋደመችው። በሁለት ጣቷ ቀስ አድርጋ አሽከረከረችው። ፍሬዎቹ ሲዞሩ ብልጭ አሉ፣ ደብዘዝ አሉ፣ ደግሞ ብልጭ አሉ፤ ዓይን የሚጠቅሱ ይመስል።

«አዩት? ይሄ የሚጠቅሰን ሰዎች ዛጎሉ ሆድ ውስጥ የከተቱት ጠጠር ነው። ዛጎሉ ልብሱን በላዩ ላይ ደርቦ ሳይጨርስ ቸኩለው አወጡት። ይሄኛውን ደግሞ ይዩ።» ሁለተኛውን፣ ፈዘዝ ያለውን አዞረችው። ብርሃኑ ከውስጥ እንደሚመጣ ሁሉ ባለበት ረግቶ ቆየ። «ካላመኑኝ በቀዳዳው ይመልከቱ።»

አሠሪው አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰካ፤ ከሦስተኛው ክር የአንዱን ፍሬ ቀዳዳ ጠርዝ አየ። ረጅም ጊዜ አየ። እናት በዚያ ጊዜ ውስጥ ልጇን በሐሳቧ ከሥራ አስወጥታ፣ የት እንደምታስቀጥራት አስባ፣ እንደማይቀበሏትም እርግጠኛ ሆና ጨርሳ ነበር።

«ልብሱ የሽንኩርት ልጣጭ ያህል ነው» አለ አሠሪው በመጨረሻ። «ላብና ሽቶ ሲነካው ይላጣል።»

እናት ልጇን አየቻት። ነጩን ጨርቅ ለሚቀጥለው ክር እያስተካከለች ነው። ይቺ ልጅ በማን ወጣች?

ምላሰ ቅቤ ሳቁን ዋጠ። ሦስተኛውን ክር ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ተነሥቶ ይሄዳል ሲባል እጁን ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ሰደደና በጥቁር ጨርቅ የተጠቀለለ ሌላ የዕንቁ ክር አወጣ። አሠሪው ሊቀበለው እጁን ዘረጋ። ነጋዴው ግን የአሠሪውን እጅ አልፎ፣ ጥቅሉን በሁለት እጁ ልጅቱ ፊት አስቀመጠው።